ላም አለኝ በሰማይ፦ ሳተላይቱ አይቷል፣ ቢሮው መቼ ያያል?

ጋዝጊብላ ሐይቅ የላትም። ከሰቆጣ በስተደቡብ የምትገኝ፣ መቀመጫዋን አስከተማ ያደረገች የዋግ ኽምራ ደጋ ወረዳ ናት። ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፣ ዳገቷ የበዛ፣ አፈሯ የሳሳ አገር ናት። ታዲያ ስለሚሸሹ ሐይቆች የሚናገር ጽሑፍ ለምን ከጋዝጊብላ ይነሳል? ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በየክረምቱ ከጋዝጊብላ ዳገት ተጠርጎ የሚወርደው አፈር መድረሻው ተከዜ ነው። ተከዜ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ወንዝ ብቻ አይደለም። 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተገትቶ ሐይቅ ሆኗል። የዋግና የላስታ አፈር የሚተኛው በዚህ ሐይቅ ወለል ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በየ5 ቀኑ ጋዝጊብላን ያነሳሉ። ዳገቷን፣ እርሻዋን፣ ወንዟን፣ ከእሷ በታች ያለውን የተከዜ ሐይቅ ሁሉ ያነሳሉ። ምስሉ ለማንም ክፍት ነው። ክፍያ የለውም፣ ደብዳቤ አያስፈልገውም፣ ማኅተም አይጠይቅም።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። በየ5 ቀኑ የምትነሳዋን ጋዝጊብላ የሚያያት ማነው? ከወረዳ እስከ ፌዴራል፣ ያቺን ምስል የማየት ግዴታ ያለበት፣ አይቶ ዝም ካለም የሚጠየቅ አንድ ባለሥልጣን አለ? አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ተስፋ ብቻ ይዞ ለሚኖር ሰው ነበር። ዛሬ ላሟ በእውነት ሰማይ ላይ አለች። ወተቷም በየ5 ቀኑ ይታለባል። የጠፋው ዕቃ ይዞ የሚቀርብ ነው።

▪️ ማየት ሲፈለግ እንዴት ይታያል

«ቴክኖሎጂው ውስብስብ ነው፣ ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያት ቀድሞ ይመጣል። ይህን ምክንያት ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ይበቃል።

በዚያ ወር ዓለም ሁሉ የሕዳሴ ግድብን የሳተላይት ምስል ሲያገላብጥ ነበር። ካይሮም፣ ካርቱምም፣ አዲስ አበባም፣ የዜና ወኪሉም፣ ፌስቡክ ላይ የሚከራከረው ወጣትም። ደመና የማያግደው የሴንቲኔል-1 ራዳር ከግድቡ ጀርባ ውሃው ሲሰፋ አሳየ። ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የያኔው የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ዶክተር ስለሺ በቀለ በምስሉ ላይ የሚታየው የውሃ መጨመር ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። «ግድቡ መሞላት ጀመረ» ተባለ፣ ተስተባበለ፣ ተብራራ። አገር በሙሉ ለጥቂት ቀናት የምስል ተንታኝ ሆኖ ሰነበተ።

የሚሞላ ሐይቅ ሲሆን እንዲህ ነበር። ሚኒስትር ወጥቶ ስለ ምስል ተናገረ፤ ሕዝቡም ስለ ካሬ ኪሎ ሜትርና ስለ ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አወራ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም ያ ምስል የኩራት ጌጥ ነበር። ተገቢ ነው፤ የሚያኮራ ነገር ነውና።

የሚጎድል ሐይቅ ሲሆንስ? ስለ አብያታ ምስል መግለጫ የሰጠ ሚኒስትር ማን ነበር? ሐረማያ ስትደርቅ የሳተላይት ምስል ይዞ ፓርላማ የቀረበ ማን ነበር? ችሎታው ካለ፣ ምስሉ ካለ፣ ባለሙያው ካለ፣ የጎደለው ፈቃድ ነው ማለት ነው። ሐይቅ ሲሞላ የሚያይ ዓይን፣ ሐይቅ ሲጎድል ይጨፈናል።

▪️ ሐረማያ፦ በሊቃውንት ደጃፍ የሞተ ሐይቅ

ሐረማያ ለዚህ ክርክር ዋናው ምስክር ነው። ስፋቱ ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የነበረ ሐይቅ ነው። የሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ጫትና አትክልት ያጠጣው ከእሱ ነው። በሐይቁ ዳር ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአገሪቱ ቀደምት የግብርና ኮሌጅ ቆሟል። ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መስኖ የሚያውቅ ሰው በብዛት ያለበት ቦታ ይፈለግ ቢባል ከዚያ የተሻለ አይገኝም ነበር።

ሐይቁ የሞተው በዚህ ደጃፍ ነው። ሞተር ፓምፑ ከዳር ሳበ፣ ከተማው ሳበ፣ ከተራቆተው ዳገት የወረደው ደለል ወለሉን ሞላ። በ1990ዎቹ ውሃው ዓመት ከዓመት ሸሸ፤ በአሥር ዓመቱ ማብቂያ ላይ ሐይቅ የነበረው ቦታ ከብት የሚሰማራበት መስክ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን በአሥር ኪሎ ሜትሮች ከሚርቀው ከድሬ ጃራ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ላንድሳት ከላይ ነበር። የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1972 የተተኮሰ ነው። የሐረማያ መሸሽ በዚህ የምስል ማኅደር ውስጥ ተመዝግቧል፤ ሰማያዊው ነጥብ ሲጠብ፣ ሲከፈል፣ ሲጠፋ ይታያል። ተማሪዎችም አጥንተውታል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ «የመሬት አጠቃቀምና ሽፋን ለውጥ» የሚል ርእስ ያለው የማስተርስ ጽሑፍ እንደ ጤፍ ነው፤ ተቆጥሮ አያልቅም። እያንዳንዱ ላንድሳትን ይጠቅሳል፣ እያንዳንዱ ካርታ አለው፣ እያንዳንዱ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» ብሎ ይዘጋል። ያ የሚመለከተው አካል ስም የለውም፤ ስም ስለሌለውም አይጠየቅም።

ባለፉት ዓመታት ወደ ሐረማያ ውሃ መመለሱ ተነግሯል። ደስ ይላል። ይህንንም ሳተላይቱ ያሳያል። ግን ጥያቄው አልተዘጋም። የተመለሰው በዝናብ ነው ወይስ በሥራ? ዳገቱ ስለዳነ ነው ወይስ ጥቂት ክረምቶች ስለበረቱ? ይህን የሚለይ ተከታታይ ክትትል ከሌለ፣ ሐይቁ ሲመለስ «በእኛ አመራር» ይባላል፣ ሲሄድ ደግሞ «በአየር ንብረት ለውጥ» ይባላል። ሹሙ ሁልጊዜ አሸናፊ የሚሆንበት ጨዋታ ይሄ ነው።

▪️ አብያታ፦ ከላይ የተጠጣ ሐይቅ

የስምጥ ሸለቆው አብያታ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የሚገባው ውሃ በዋናነት ከዝዋይ፣ ማለትም ከደምበል የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ራሱ የሚኖረው በመቂና በቀታር ወንዞች ነው። ስለዚህ መቂ ላይ ፓምፕ ሲተከል፣ ዝዋይ ዳር አትክልትና አበባ ሲለማ፣ የሚከሰው መጨረሻ ላይ ያለው አብያታ ነው። በዚያ ላይ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ስቦ በገንዳ እያተነነ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው አብያታ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጥቷል። ውሃው ሲያንስ ጨው በዛ፤ ጨው ሲበዛ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈለ አብያታ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረው የፔሊካን መንጋም ገበታው ተነሳበት። ይህ ሁሉ የሆነው «ብሔራዊ ፓርክ» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት ቦታ ነው።

የአብያታን ምስል ብቻውን ያየ ሰው «ሐይቁ ደረቀ» ይላል። ምስሉን ሰፋ አድርጎ ያየ ሰው ግን ዝዋይን፣ ቡልቡላን፣ መቂን፣ በውሃው ዙሪያ እያበበ የሄደውን አረንጓዴ ማሳ አብሮ ያያል። በአንዱ ጫፍ አረንጓዴው ሲሰፋ በሌላው ጫፍ ሰማያዊው ይጠባል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የዝናብ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የፈቃድ ጥያቄ ይሆናል። ውሃውን ለማን ፈቀዳችሁ? በስንት? ማን ለካው? ምስሉ ቢሮዎችን የማይጥማቸው ለዚህ ይሆን? ድርቅን ፈጣሪ ያመጣዋል፤ የፓምፕ ፈቃድን ግን ፈጣሪ አይፈርምም።

▪️ «ምስል ይዋሻል» ለሚሉ

ምስልን የሚጠራጠሩ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ሊደመጡም ይገባል። የሳተላይት ምስል ባላዋቂ እጅ ሲገባ ያሳስታል።

ውሃ በምስል ላይ የሚለየው እንዲህ ነው። ውሃ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ለምለም ቅጠል ደግሞ አጥብቆ ያንጸባርቀዋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ «ይሄ ውሃ፣ ይሄ መሬት» ይላል። ጣናን የወረረው እምቦጭ ግን ቅጠል ነው፣ የሚንሳፈፈውም ውሃ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ከታዘዘ በእምቦጭ የተሸፈነውን ውሃ «መሬት» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሐይቁም ሳይጎድል የጎደለ ይመስላል። አረሙ በነፋስ ስለሚሄድ ደግሞ የጥቅምቱ ምስልና የጥሩ ምስል አይገናኙም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስለ እምቦጭ የሚነገረው ሄክታር በየተናጋሪው ሲለያይ የኖረው በከፊል በዚህ ነው። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ለካ? ያልተነገረበት ቁጥር ቁጥር አይደለም። ቀኑና መለኪያው ያልታወቀ ዘመቻም «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የተባለው ተረት ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቻድን ሐይቅ ምስል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የ1963ቱ ትልቅ፣ የ2001ዱ ጠብታ። ሐይቁ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ ክፉኛ መጎዳቱ እውነት ነው። ሁለቱን ምስሎች ብቻ ጎን ለጎን የሚለጥፍ ሰው የማይናገረው ግን፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ የሐይቁ ስፋት መልሶ ማገገም ማሳየቱን ነው። ሁለት ምስል ክስ ነው፤ ተከታታይ ምስል ግን ማስረጃ ነው።

የሚሰፋ ሐይቅም አለ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ ሰፍቶ መንገድና ሐዲድ ሲያስጨንቅ ኖሯል። «ኢትዮጵያ እየደረቀች ነው» የሚለውን ጥቅል ለቅሶ በሰቃ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ታዲያ መልሱ ምስሉን መጣል ነው? አይደለም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ጥርን ከጥር ጋር ማነጻጸር፣ በክረምት ደመና ሲኖር ራዳሩን መጠቀም፣ አረሙን ከመሬት ለይቶ መቁጠር፣ ሁለት ዓመት ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ማየት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስሉን ወስዶ ቦታው ላይ ለኖረ ሰው ማሳየት። ዓሣ አጥማጁ «እዚህ ጋ በልጅነቴ ጀልባ ይሄድ ነበር» ካለ፣ እረኛው «ይህ ምንጭ የነጠፈው እንዲህ በሆነ ዓመት ነው» ካለ፣ ምስሉ ቃል ያገኛል። ምስልን በመጠራጠር ስም ጨርሶ አለማየት ግን ጥንቃቄ አይባልም። ሚዛኑ ይሳሳታል ብሎ እህልን በጭፍን እንደመሸጥ ነው።

▪️ ዋግ ማየት ብቻውን እንደማያድን ታውቃለች

ዋግ ኽምራ ስለ ሳተላይት ከማንም በላይ መናገር የሚገባት አገር ናት። ላንድሳት-5 የተተኮሰው የካቲት 1976 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ነው ዝናቡ የከዳው። በዓመቱ መጨረሻና በ1977 መግቢያ ላይ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ተጓዘ። ዓለም ኮረምን ያየው በጥቅምት 1977 በቢቢሲ ካሜራ ነው። ሳተላይቱ ከላይ ነበር፤ ሰው ከታች አለቀ። ያን ጊዜ አንዲት የላንድሳት ምስል በብዙ ገንዘብ የምትሸጥ ስለነበረች፣ የዋግን ገደል ገዝቶ የሚያያት አልነበረም።

ከዚያ እልቂት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓታቸውን አቋቋሙ። የዝናብና የዕፅዋት ሁኔታ ከሳተላይት እየተነበበ ለአፍሪካ አገሮች ይተነበይ ጀመር። ለ40 ዓመት ያህል የኢትዮጵያን ድርቅ ቀድሞ የሚያውቀው ዋሽንግተን ሆነ። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ድረ ገጹ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ የተመለሰውም ከወራት በኋላ ነው። በሰው ዓይን የሚያይ፣ ሰውየው ዓይኑን ሲጨፍን ጨለማ ይውጠዋል።

ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ2008 ማኅደሩን በነጻ ለቀቀ። ሴንቲኔል-2 ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የጥናት ማዕከል ከ1984 እስከ 2015 የተነሱ 3 ሚሊዮን የላንድሳት ምስሎችን አገላብጦ የዓለምን የገጸ ምድር ውሃ ታሪክ ካርታ በ2016 አወጣ። ወደ 90 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቋሚ ውሃ ከምድር ገጽ መጥፋቱን ያወቅነው ከዚያ ነው፤ ይህ ከአማራ ክልል ግማሽ የሚበልጥ ስፋት ነው። ካርታው እስከ ትንሽ ኩሬ ድረስ ተከፍቶ ይታያል፣ ክፍያ የለውም። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። እንጦጦ ላይ ተጨበጨበ። ለግብርና፣ ለውሃ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ትጠቅማለች ተባለ። የአስከተማ የግብርና ባለሙያ ከእሷ የተነሳ አንድ ምስል ጠረጴዛው ላይ ደርሶት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቅ።

ምፀቱ እዚህ ያበቃል እንዳይባል፣ ሌላ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ጊዜ ዋግ ኽምራ ደግሞ ክፉ ድርቅ ላይ ነበረች፤ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሰሃላ ከባሰባቸው ወገን ነበሩ። አምስተርዳም ያለ ተማሪ የሰሃላን የነጠፈ ወንዝ በስልኩ ማየት ይችል ነበር፤ የሰሃላ ባለሙያ ግን የገዛ ወንዙን ምስል ማውረድ አይችልም ነበር። «ድርቅ ነው ወይስ ረሀብ» የሚለው የቃላት ክርክር አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በትግራይና በአማራ ክልሎች ሰዎች በረሀብ መሞታቸውን ይፋ አደረገ። ሳተላይቱ ያን ጊዜም ከላይ ነበር። ልክ እንደ 77ቱ።

▪️ ከታች የሚሞላው ሐይቅ

ወደ ተከዜ እንመለስ። የተከዜ ሐይቅ ከክረምት በኋላ ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ ኃይል የሚያመነጭ ግድብ የሚኖረው እንዲህ ነው። 9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ እንዲይዝ የተሠራ፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ዝቋላና አበርገሌ ላይ ከማሽላና ከፍየል ሌላ ዓሣ የሚባል እንጀራ ያመጣም እሱ ነው።

ይህ ሐይቅ ግን ሌላ ዓይነት መጉደል አለበት። ከላይ ሳይታይ ከታች ይጎድላል። ደለል ወለሉን እየሞላ ሲመጣ የውሃው ገጽ ያው ይመስላል፤ የሚይዘው ውሃ ግን ያንሳል። በአማራና በትግራይ ደጋዎች የተሠሩ ብዙ ትንንሽ ግድቦች ከታሰበላቸው ዕድሜ ቀድመው በደለል ማለቃቸው የታወቀ ነው። ለትንሹ ግድብ የሆነው ለትልቁ በዝግታ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ደለልም እንዲሁ።

ሳተላይት የሐይቅ ወለል አያይም። ግን ብልሃት አለው። ውሃው በአንድ የታወቀ ከፍታ ላይ በነበረበት ቀን የሐይቁ ስፋት ስንት ነበር? ከ10 ዓመት በኋላ ውሃው ልክ በዚያው ከፍታ ላይ ሲሆን ስፋቱ ስንት ሆነ? ከፍታው አንድ ሆኖ ስፋቱ ካነሰ፣ በተለይ ወንዙ በሚገባባቸው ጫፎች ላይ፣ ልዩነቱን የያዘው ደለል ነው። ስፋቱን ሳተላይቱ በነጻ ይሰጣል። የውሃውን ከፍታ የሚለካው ግድቡን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ቢገናኙ የዋግ አፈር በየዓመቱ ስንት ውሃ እንደሚያፈናቅል ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊከታተለው ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ጋዝጊብላ የምትገባው። የጋዝጊብላ ገበሬ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ለተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይወጣል። ድንጋይ ይሸከማል፣ እርከን ይሠራል፣ ለቀናት በነጻ ይሠራል። ሥራው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን በሄክታርና በኪሎ ሜትር ተደምሮ ይወጣል። ከዚያ ክረምት ይመጣል፣ ችግኝ ይተከላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በአገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። ተተከለ የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ አለ። ጸደቀ የሚለው ቁጥር ሲመጣ ድምፁ ይቀንሳል።

ያ ገበሬ የላቡን ውጤት ማወቅ መብቱ ነው። እርከኑ ራሱ በ10 ሜትሩ ምስል ላይ በግልጽ አይታይ ይሆናል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረገ ተራራ ግን ሦስት አራት ዓመት ሲቆይ፣ በጥር ምስል ላይ ከጎረቤቱ ተራራ ተለይቶ ይታያል፤ ወይም አይታይም። ካልታየ ደግሞ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው የሚመልሰው ጥያቄ አለው። «በሪፖርት የለማ» ተራራን ከለማ ተራራ የሚለየው ከዚህ የረከሰ ዳኛ አይገኝም።

ገበሬውም ከምስሉ ይጠቀማል። ዳገቱን የሚያድነው «ለአገር» ተብሎ ብቻ ሲሆን ይደክመዋል። በጥር ምስል ላይ የእሱ ጎጥ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ ሳይነጥፍ ሲያይ ግን ክርክሩ የራሱ ይሆናል። ኢንተርኔት ከሌለ ምስሉ በወረቀት ይታተማል፣ በፍላሽ ይመጣል፣ ከባሕር ዳር እስከ ሰቆጣ በአውቶቡስ ይደርሳል።

▪️ ምስልና ውሳኔ ሲገናኙ

የአራል ባሕር ታሪክ መዝጊያ ይሁን። በ1960ዎቹ ከዓለም ሐይቆች አራተኛው ትልቅ ነበር። ሶቪየቶች ወንዞቹን ወደ ጥጥ እርሻ ጠልፈው አደረቁት። እ.ኤ.አ. በ2014 ምሥራቃዊው ክፍሉ ጨርሶ መድረቁን ናሳ በምስል አሳየ። ግን በዚያው ምስል ሰሜኑ ላይ ሌላ ነገር ይታያል። ካዛክስታን በ2005 የኮክ አራልን ግድብ ጨርሳ ሰሜኑን ከደቡቡ ለየች፤ ውሃው ከፍ አለ፣ ጨው ቀነሰ፣ ዓሣው ተመለሰ። አንድ ሳተላይት ሁለቱንም አየ። ልዩነቱን ያመጣው ከታች የተወሰነው ውሳኔ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም።

1️⃣ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች የእያንዳንዱን ሐይቅና ግድብ የጥር ምስል በየዓመቱ ያውጡ። ቀኑ፣ ስፋቱ በካሬ ኪሎ ሜትር፣ ካለፈው ጥር ያለው ልዩነት፤ በአማርኛ፣ በኽምጣና፣ በኦሮምኛ፣ በአንድ ገጽ።

2️⃣ የግድቦች የውሃ ከፍታ ይፋ ይሁን። የተከዜ ደለል የመንግሥት ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

3️⃣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ለየወረዳው የዳገቱንና የውሃውን ምስል የማድረስ ግዴታ ይኑርበት። የተፋሰስና የችግኝ ሪፖርትም ከሦስት ዓመት በኋላ የሚነሳ ምስል ይያያዝበት።

4️⃣ ምስሉና ሪፖርቱ ሲጋጩ መልስ የሚሰጠው ሰው በስም ይታወቅ። «የሚመለከተው አካል» የሚባል ሰው በኢትዮጵያ ምድር አይኖርም፤ ደመወዝም አይበላም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ አውደ ጥናት ከሚወጣው አበል አይበልጥም።

ዛሬም፣ በዚህ ሳምንትም፣ ሳተላይቱ በአስከተማ ላይ ያልፋል። ዳገቱን ያነሳል፣ ተከዜን ያነሳል፣ ይሄዳል። ከ5 ቀን በኋላ ይመለሳል። ላሟ ሰማይ ላይ ናት። ወተቷ እየፈሰሰ ነው። ከታች ያለው ሹም ጮጮውን ይዞ ካልወጣ፣ ነገ ሐይቁ ሲደርቅ «አላየንም ነበር» ማለት አይችልም፤ ያየበት ቀንና ሰዓት ምስሉ ላይ ተጽፏል።